ለታሚል አማቴ መታሰቢያ ምን ልጻፍ?

ጥያቄ፦

«የምኖረው ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ነው። ባለቤቴ የስሪ ላንካ ታሚል ሲሆን ቤተሰቡ ከጃፍና፣ ማኒፓይ ከምትባል ስፍራ የመጣ ነው። እናቱ በ84 ዓመታቸው ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። ከእኛ ጋር በአንድ ቤት ኖረዋል፤ እኔም እንደ አገራቸው ወግ ‹ማሚ› ነበር የምላቸው። በ31ኛው ቀን ለእንግዶች የሚታደል የመታሰቢያ መጽሐፍ አለ። የሚያዘጋጀው ለንደን የሚኖረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ‹ከምራቶች በኩል አንድ ገጽ ጻፊ› አለኝ። ናሙና እንዲሆነኝ የሌሎች ሰዎችን መታሰቢያም ላከልኝ። ባለቤቴ ሲተረጉምልኝ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ደግ፣ ሃይማኖተኛ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የቤቱ ብርሃን። ማሚ ደግ ነበሩ፤ ነገር ግን ቁጡም ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አራት ልጆች ያሳደጉት ልብስ እየሰፉ ነው፤ የተጣመመ ስፌት ካዩ ቤቱ አይበቃቸውም ነበር። ጦርነቱ ሲያፈናቅላቸው የሲንገሩን እግር ትተው የላይኛውን ክፍል ተሸክመው ወጡ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ግን ነግረውኝ አያውቁም።

የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። የሚያገናኘን ወጥ ቤቱ ነበር። ክረምት ሲሆን የእሳቸው የቶሳይ (እንደ እንጀራ ቦክቶ የሚጋገር ስስ ቂጣ) ሊጥና የእኔ የጤፍ ሊጥ በአንድ ኦቨን ውስጥ፣ መብራቱ ብቻ በርቶ፣ ጎን ለጎን ያድሩ ነበር። ጠዋት የእኔን ክዳን ከፍተው ያሸቱና ‹ገና ነው› ወይም ‹ደርሷል› ይሉኛል፤ ተሳስተው አያውቁም።

ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ሦስተኛው ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፍና ውስጥ ኬላ ላይ ከተያዘ በኋላ የገባበት አልታወቀም። ታላቅ ወንድምየው ‹ወይ ሟች ብለን እንጻፈው፣ ወይ ስሙን እንተወው› ይላል። እህታቸው ታለቅሳለች፣ ባለቤቴ ዝም ብሏል። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ማሚን ለሕክምና ስወስዳቸው ነርሷ ‹ስንት ልጆች አሉዎት?› ስትላቸው አራት ጣት ሲያሳዩ አይቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በስንብቱ ዕለትም ሳላስበው በአማርኛ ሙሾ አወጣሁ። ወጣቶቹ ዞረው ሲያዩኝ በጣም አፈርኩ። ደግሞስ ኦርቶዶክስ ሆኜ በ31ኛው ቀን ሥርዓት እስከ ምን ድረስ ልካፈል? ልጆቼ የ11 እና የ7 ዓመት ናቸው፤ ስለ አያታቸው ከዚህ ቤት ውጭ ያለውን አያውቁም። የማሚ ታናሽ እህት ከሞንትሪያል መጥተው እስከ 31ኛው ቀን ከእኛ ጋር ናቸው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ምራት ነኝ፣ ከቶሮንቶ

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አማትን እንደ እናት ሸኝቶ በሁለተኛው ሳምንት ብዕር ማንሳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ዛሬውኑ እንድታነሺው እለምንሻለሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ጀርባ አንድ ያልጻፍሽው ጥያቄ ይታየኛል፤ «የሌላ አገር ልጅ ሆኜ ስለ እሳቸው ለመናገር ምን መብት አለኝ?» የሚል። መብት አለሽ፤ ያውም በራሳቸው ወግ። የጃፍና ሰዎች ካልቬቱ የሚሉት ይህ የመታሰቢያ መጽሐፍ የቆየ አሠራር አለው። ከፊት የሟች ፎቶግራፍ ይገባል። ቀጥሎ ያረፉበትን ዓመት፣ ወርና የጨረቃ ዕለት የምትይዝ አጭር ግጥም ትመጣለች፤ ከዚያም የሕይወት ታሪክ፣ ለሂንዱ አምላክ ለሺቫ የሚቀርቡ ምስጋናዎች፣ የቤተሰብ የዘር ሐረግና ለአስተዛዛኞች የሚቀርብ ምስጋና ይከተላሉ። በመካከሉ ፑላምባል የሚባል የለቅሶ ግጥም ክፍል አለ። ይህ ክፍል በባል ወይም በሚስት፣ በልጆች፣ በልጅ ልጆች፣ በምራቶችና በአማቾች አንደበት ተከፋፍሎ የሚጻፍ ነው። የምራት ለቅሶ ከአንቺ በፊት በስንቱ መጽሐፍ ላይ ታትሟል። የባለቤትሽ ወንድም «ከምራቶች በኩል» ሲልሽ አዝኖልሽ አዲስ ቦታ መፍጠሩ አይደለም፤ ቦታው ድሮም የምራት ነው። የሞት ማስታወቂያውንም አውጥተሽ ተመልከቺ። የእገሌና የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ ባለቤት፣ የእነ እገሌ እናት እያለ ሲወርድ ምራቶችንም በስም ይጠራል። አንቺም እዚያ ውስጥ መኖርሽ አይቀርም።

እንግዲህ ምን ትጽፊያለሽ? ምስጋናውን ለሌሎች ተዪላቸው። ደግነታቸውን ከለንደንም፣ ከሞንትሪያልም፣ ከጃፍናም የሚጽፍ ሞልቷል፤ የሚጽፈውም እውነት ነው። ያ ኦቨን ፊት ግን ከአንቺ በቀር የቆመ የለም። ሩዝና ኡሉንዱ የሚሉትን ጥቁር ምስር መሰል ጥራጥሬ ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው፣ በውርጭ ሌሊት እንዲቦካ የት እንደሚያስቀምጡት ሲያስቡ ያየሻቸው አንቺ ነሽ። የጤፍ ሊጥ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው በማሽተት ብቻ መድረሱን ያወቁት በአንቺ ፊት ነው። ሁለት የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሴቶች እንዴት ተግባብተው እንደኖሩ የሚናገር ገጽ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ሰው ሊጽፈው አይችልም። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጀምር ነበር፦ «ማሚ ሊጤን አሽትተው ‹ገና ነው› ካሉኝ እንጀራ አልጋግርም ነበር።» ከዚያ በኋላ ያለው ራሱ ይመጣልሻል።

ቁጣቸውንም ጻፊው። ይህን ስልሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ በእኛም አገር ሟች ሲነሳ ክፉ አይወራም። ነገር ግን ቁጣ ሁሉ ነውር አይደለም፤ ምክንያቱ አብሮ ከተጻፈ ክብር አለው። ባል የሞተባት፣ አራት ልጆች በመርፌ የምታሳድግ ሴት አንድ ሸሚዝ ከተጣመመባት ደንበኛ ይሄድባታል፤ ደንበኛ ከሄደ የልጆች ትምህርት ቤት ይጎድላል። ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ስፌት የዕለት እንጀራቸው ባይሆንም ዓይናቸው ያንን ዘመን አልረሳም። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽው ያነበበ ሁሉ ያውቃቸዋል። የቆጧቸው ልጆችም ያለቅሱበታል እንጂ አይቀየሙሽም። «የቤቱ ብርሃን» ብቻ ተብለው ከታተሙ ግን ልጆችሽ ከሃያ ዓመት በኋላ መጽሐፉን ሲከፍቱ አያታቸውን ከሌላ ሰው አያት መለየት ይቸግራቸዋል።

ስለ ሲንገሩ የሰማሽው ነገር አብሮኝ ውሏል። እናቶቻችን ቤት ሲንገር ምን ማለት እንደነበር እናውቃለን፤ ከአሥር ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት መሆኑንም እናውቃለን። አንቺ ጦርነቱ ሲያፈናቅላቸው ብቻ ብለሽኛል። የማኒፓይ ሰዎች ከሆኑ ግን ያ ቀን ሳይሆን አይቀርም ብዬ የማስበው እ.ኤ.አ. የኦክቶበር 1995 መጨረሻ ነው። የመንግሥት ጦር ወደ ጃፍና ከተማ ሲቃረብ ከመንግሥት ጋር የሚዋጉት የታሚል ታጣቂዎች፣ ነብሮቹ፣ ሕዝቡ አካባቢውን ለቆ እንዲወጣ አዘዙ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ሌሊት ወደ ቻቫካቼሪ አቅጣጫ በጠባብ መንገድና በድልድይ ተጨናንቆ ተጓዘ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሰው ሽማግሌ ደግፎ፣ ሕፃን አዝሎ ነው የሄደው። እሳቸው የስፌት መኪና ይዘው ከሄዱ ያሰቡት ስለ ነገ ነው ማለት ነው። ግን «ሲባል ሰምቻለሁ» በሚል አትጻፊው፤ ጠይቂና አረጋግጪ። የሚጠየቁት ሰው ቤትሽ ውስጥ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ምክሬ እጅግ የምቸኩልበት ይህ ነው። የማሚ እህት ቤትሽ ውስጥ የሚቆዩት እስከ 31ኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሞንትሪያል ይሄዳሉ፤ በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ አይወጣም። ስለዚህ ገጽሽን ከመጻፍሽ በፊት ማታ ማታ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ባለቤትሽ ያስተርጉም። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ድምፃቸውን በስልክ ቅጂ። «ስለ ማሚ ይንገሩን» ብለሽ አትጀምሪ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመጣው ያንኑ «ደግ ነበረች» የሚለውን ነው። ትንንሹን ጠይቂ። ቤታቸው ውስጥ ጉድጓዱ በየት በኩል ነበር? ውኃ የሚቀዳው ማን ነበር? ስፌት ያስተማራቸው ማን ነው? የመጀመሪያ ደንበኛቸው ማን ነበረች? ለአንድ ሸሚዝ ስንት ይቀበሉ ነበር? ትምህርት ቤት እስከ ስንት ድረስ ተማሩ፣ ለምንስ አቆሙ? ሲንገሩን በምን ተሸከሙት? የት አስቀመጡት? ዛሬ የት ነው? አንዱ መልስ ሌላውን ይጎትታል።

ልጆችሽንም አብረሽ አስቀምጫቸው፤ አንዳንዱን ጥያቄ እነሱ ይጠይቁ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ አያቱ በእሱ ዕድሜ ምን ትሠራ እንደነበር ቢጠይቅ አሮጊቷ እህት ለእኔና ለአንቺ የማይነግሩትን ይነግሩታል። ከስለትና ከበዓል ውጭ ያለውን ነገር፣ የዘንባባውን ፍሬ፣ ከዘሩ የሚበቅለው ሥር መሰል ቡቃያ ደርቆ የሚሆነውን ኦዲያል፣ እሱን አስፈጭተው ከዓሣ ጋር የሚሠሩትን ኩል የሚባል ሾርባ እንዲነግሯቸው አድርጊ። ፓልማይራ የተባለው ዘንባባ ለጃፍና ሰው የአገሩ ምልክት ነው። ካናዳ የተወለደ ልጅ ግን በሥዕል ካልሆነ አያውቀውም።

አሮጌ ፎቶግራፎች ካሉ ያኔውኑ አውጥታችሁ በጀርባቸው ስም ጻፉ። ከኋላ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ፎቶው ግማሹ ጠፍቷል።

ለምን ይህን ያህል እንደምገፋፋሽ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሜይ አልቆ ጁን ሲገባ በነበረው ሌሊት፣ የጃፍና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ወደ 97,000 የሚጠጉ መጻሕፍትና በዘንባባ ቅጠል የተጻፉ ጥንታዊ ጽሑፎች አብረው ነደዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጁላይ 1983 በታሚሎች ላይ የተነሣው ጭፍጨፋ ሕዝቡን ወደ ውጭ በተነው፤ ጦርነቱም እስከ ሜይ 2009 ዘለቀ። መንደሩ ቶሮንቶ፣ ለንደን፣ ፓሪስና ዙሪክ ገብቷል። ስለዚህ እነዚያ በ31ኛው ቀን የሚታደሉ ቀጫጭን መጻሕፍት ከሐዘን ማስታወሻነት አልፈዋል። የአንድ መንደር ሰዎች እነማን ነበሩ፣ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ምን ሠርቶ ኖረ የሚለው በእነሱ ውስጥ ነው የቀረው። የማኒፓይ አንዲት ልብስ ሰፊ እንዴት እንደኖረች ሌላ ቦታ አይጻፍም። መጽሐፉ ላይ ከጎደለ ጎደለ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልጅ ልምጣ። ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ ነው የምናገረው፤ ውሳኔው የወንድሞቹና የእህቱ ነው፤ የእኔም የአንቺም አይደለም።

ሰው ወደ ጃፍና በተመለሰበት እ.ኤ.አ. በ1996 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ደብዛቸው ጠፍቷል። ከጃፍና ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ቼማኒ እ.ኤ.አ. በ1999 የ15 ሰዎች አጽም ተቆፍሮ ወጣ፤ በ2025 ቁፋሮው እንደገና ሲቀጥል ከ200 በላይ አጽሞች ተገኙ። ኪሊኖቺ ውስጥ ከፌብሩዋሪ 2017 ጀምሮ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ታቅፈው መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ብዙዎቹ መልስ ሳያገኙ አርፈዋል። አማትሽ ከእነዚህ እናቶች አንዷ ነበሩ፤ የተቀመጡት ስካርቦሮ መሆኑ ነው እንጂ።

በእኛ አገር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጃቸው ከቤት ተወስዶ ያልተመለሰላቸው እናቶች ይህን ያውቁታል። መርዶ ያልተነገረለት ሰው ተዝካር የለውም። በየትኛው ቀን ይወጣለታል? ልጃቸው ሞቷል ብለው ባደባባይ መናገር ራሳቸው እንደ ገደሉት የሚሆንባቸው እናቶች ነበሩ። ስለዚህ እናቱ በሕይወት ዘመናቸው ያልተቀበሉትን መርዶ እሳቸው በሞቱ በወሩ ስማቸው ባለበት መጽሐፍ ላይ ማተም ልክ አይመስለኝም። ስሙን መተው ደግሞ ይብሳል። አራት የወለዱ ሴት በራሳቸው መታሰቢያ ላይ የሦስት ልጆች እናት ይሆናሉ።

የታላቅ ወንድሙን ሐሳብ ግን አትናቂ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። እንግዳ በሞላበት ቀን ያ ቁስል እንዳይነካ ይፈልግ ይሆናል። ምናልባትም ጃፍና ውስጥ ዛሬም የሚኖሩ ዘመዶች አሉት፤ ስለ እነሱ ይሰጋል። ይህ ስጋት ምክንያት አለው። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሦስቱንም የሚያስማማ ይመስለኛል፦ ልጆቹ በልደት ቅደም ተከተል ይጻፉ፣ የእሱም ስም በሦስተኛ ቦታው ላይ ይግባ፤ «ሟች» የሚል ቃል አይቀደምለት። ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘ፣ ለምን እንደተያዘ አንድ ቃል አይጻፍ። ስሙ በቦታው መኖሩ ይበቃል፤ የሚያውቅ ያውቃል።

ይህን ለማቅረብ ደግሞ አንቺ ክርክር ውስጥ መግባት የለብሽም። ያየሽውን ንገሪያቸው፣ በቃ። በመጀመሪያ ለባለቤትሽ ብቻውን ንገሪው፤ እናቱ አራት ጣት ማሳየታቸውን ከሰው ፊት መስማት የለበትም። ከዚያ እሱ ለእህቱና ለወንድሙ ይንገር። ይህ የእናታቸው የራሳቸው ምስክርነት ነው። ነርስ ፊት፣ ማንም ዘመድ ሳይሰማቸው፣ ማንንም ለማስደሰት ሳይሆን የተናገሩት ነው። ልጆቻቸው ሳያውቁት መወሰን የለባቸውም። ሰምተውም ሌላ ቢወስኑ አክብሪላቸው፤ በገጽሽ ውስጥም ይህን ነገር ሳይፈቅዱልሽ አታስገቢው።

ስለ ሙሾው አትፈሪ፤ የሚያሳፍር ነገር አላደረግሽም። የታሚል ሴቶች ኦፓሪ የሚሉት የለቅሶ ዜማ አላቸው። ሴቶቹ ተቃቅፈው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ሟቹን በቀጥታ እያናገሩ፣ ያደረገውን እየዘረዘሩ የሚያለቅሱት ነው። እኛ ዘንድ አልቃሽ ስታወርድ እንደምንሰማው ማለት ነው። ዞረው ያዩሽ ወጣቶቹ ናቸው አልሽ፤ እነሱ ያደጉት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በዝግታ በሚያለቅስበት አዳራሽ ነው። አሮጊቶቹ ምን እንዳደረጉ ግን አልጻፍሽልኝም። የማሚን እህት ጠይቂያቸው። ቃሉን ባይሰሙም ነገሩን የማያውቁት አይመስለኝም። እንዲያውም ያን ዕለት ከአፍሽ የወጣው ግጥም ትዝ የሚልሽ ከሆነ ሳይጠፋብሽ ጻፊው።

ይህም በየትኛው ቋንቋ ትጻፊ ወደሚለው ይወስደኛል። ገጽሽን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊ። በእንግሊዝኛ ከጀመርሽ ልብሽ ያላለውን ቃል ትመርጫለሽ። ከዚያ ባለቤትሽ ወደ ታሚልኛ ይመልሰው፣ ለልጅ ልጆቹም በእንግሊዝኛ ይግባ። የባለቤትሽን ወንድም ግን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ከአማርኛው ጥቂት መስመር በፊደላችን እንዲታተምልሽ። ማተሚያ ቤቱ ችግር እንዳይኖርበት በፎቶግራፍ መልክ ላኪለት። የማሚ ሁለት የልጅ ልጆች የሐበሻም ልጆች ናቸው፤ በአያታቸው መጽሐፍ ላይ የእናታቸውን ፊደል ቢያዩ ደስ ይለኛል። እንግዶቹም ቢሆኑ ፊደሉ ምንድን ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ልጆቹ ያስረዱ።

የስሞቹን ነገር አደራ። ታሚሎችም እንደ እኛ በአብዛኛው የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን የአባት ስም ነው ያላቸው፤ የአባቱን የመጀመሪያ ፊደል ከስሙ ፊት ያደርጉታል። ካናዳ ሲገቡ ግን በየሰነዱ አንዱ የአባቱን ስም፣ አንዱ የአያቱን፣ አንዷ የባሏን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገዋል። ስለዚህ የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ላይ ዘመድ አይመስሉም። በእኛም ልጆች ላይ የደረሰ ነው። የዘር ሐረጉ ሲሠራ እያንዳንዱ ሰው በታሚል ፊደልም፣ በፓስፖርቱ ላይ ባለውም ይጻፍ። ከመታተሙ በፊት የማሚ እህት ጮክ ብለው እንዲያነቡት አድርጉ። ስህተቱን የሚያገኙት እሳቸው ናቸው።

ያረፉበት ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር ይግባ። ሙት ዓመቱን የሚያስቡት በፈረንጅ ቀን አይደለም፤ በታሚል ወርና በጨረቃው ዕለት ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። እኛ በዓላችንን በባሕረ ሐሳብ እንደምናወጣ የሚያውቅ ሰው አይደንቀውም። ልጆችሽ ግን ካልተጻፈላቸው በኋላ ቀኑን ከየት ያመጡታል? ከዚህ ሌላ በስሪ ላንካ ታሚሎች ዘንድ የሞቱ እናቶች የሚታሰቡበት አንድ ቀን አለ፤ ቺትራ ፖውርናሚ ይሉታል፣ ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ዕለት ነው። ለአባቶች ደግሞ አዲ በሚባለው የታሚል ወር ጨረቃ የማትታይበት ዕለት ነው፣ ጁላይ ወይም ኦገስት ላይ። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ባለቤትሽ ቺትራ ፖውርናሚን እንደሚጾም አስቢ፤ ቀድመሽ ካወቅሽ ቤቱን አብረሽ ታዘጋጂለታለሽ።

በ31ኛው ቀን በፎቶግራፋቸው ፊት በሙዝ ቅጠል ላይ የሚወዱት ምግብ ይቀርባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። «ማሚ የሚወዱት ምንድን ነው?» ብትይ ልጆቻቸው የሚነግሩሽ እናታቸው የምትሠራላቸውን፣ እነሱ ራሳቸው የሚወዱትን ነው። እናት ለራሷ የምትወደውን የሚያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። ይህንንም እህታቸውን ጠይቂ፤ ልጅ ሳሉ ተሻምተው የሚበሉት ምን እንደነበር እሳቸው ያውቃሉ። እሱን ሠርተሽ ብታቀርቢ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ አያንስም።

የቀረው የሃይማኖቱ ጉዳይ ነው። ሥርዓቱን ከካህኑ ጋር የሚፈጽሙት ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው፤ ከምራት የሚጠበቀው እንግዳ መቀበል፣ ማስተናገድ፣ ልጆቹን መያዝ ነው፤ ይህ ሁሉ ካንቺ እምነት ጋር አይጋጭም። መብራት ማብራት፣ አበባ ማስቀመጥ፣ በተለይም በፎቶው ፊት ከቀረበው ምግብ መቅመስ የሚሉትን ግን እኔ ልፈርድልሽ አልችልም። ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ አንድ በአንድ ጠይቂያቸው፤ ያን ዕለት ቆመሽ የምትወስኚው ነገር አይደለም። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ወድቆ እንደሆነም እዪ። ምግቡ ሥጋ ባይኖረውም እርጎና ቅቤ አይጠፋውም። የማትካፈይው ነገር ካለ አሁኑኑ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ እሱም ለወንድሙና ለአክስቱ ያስረዳልሽ፤ የቀረበልሽን ሳህን በእንግዳ ፊት እንዳትመልሺ።